የአባዬ ፒካፕ አዲስ እግር

ቅዳሜ፣ ማርች 9
ነፋስ ብቻ። ዶሮዎቹን አበላሁ። እንቁላሉ አረረ ተባልኩ፣ እንደ ሁልጊዜው።

አባዬ ጉልበቱን ካስቀየረ ወዲህ ከቤት አልወጣም። የሰባ ዓመት ፒካፑን ፍሪሲዮን ለመርገጥ የበሬ ጉልበት ይጠይቃል። የኔን መኪና ንዳ ስለው፣ "እሱ መኪና ነው ወይስ ፍሪጅ?" ላድርስህ ስለው፣ "ምን፣ ጆንያ ነኝ?" ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭብኝ ይውላል… ከማብዴ በፊት ወሰንኩ። ኦቶማቲክ ካምቢዮ ያለው ዘመናዊ ፒካፕ ገዝቼ፣ የአባዬን ጋቢናና የኋላ ሳጥን ሻንሲው፣ ከሥር ያለው አጥንቱ ላይ ልጭነው ነው። ከላይ ሽማግሌ፣ ከታች ጎረምሳ። ያኔ ራሱ ይነዳል።

ረቡዕ፣ ማርች 13
ተገኘ! አጋዘን ገጭቶ ፊቱ ተጨፍልቋል፣ ሥሩ ግን ደህና ነው። አባዬ ዞር ዞር ብሎ አየው። "አጋዘን ያሸነፈችውን ነው ያመጣሽልኝ?"

እሑድ፣ ማርች 24
ጎረቤታችን ኤልደን ጋቢናውን በትራክተር አነሳልን። የአዲሱ ብሎን በሚሊሜትር ነው፣ የድሮው በኢንች። አባዬ የሚሊሜትር ቁልፍ በእጄ አልነካም አለ። ኤልደን ሳቀ። አባዬ ያቀረብንለትን ኬክ ከፊቱ አነሳበት።

ሐሙስ፣ ማርች 28
አዲሱ ሻንሲ ረዝሟል። ቆርጬ መበየድ አለብኝ፤ መቼም እንጀራዬ ብየዳ ነው። የድሮውን ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በኢንች ለካን። እኔ ጫፉን ያዝኩ፣ አባዬ አነበበ። "113!" ብሎ ጮኸ። ቆረጥኩ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 9
ጉድ ፈላ። አካሉን ሻንሲው ላይ ብናወርደው የኋላ ጎማው ከፓራፋንጎው መሀል የለም! ወደፊት ሄዷል። ኤልደን፣ "ሊያመልጥ ነው እንዴ?" ይላል። የድሮውን እንደገና ለካሁ። 118 ነው።

አባዬ ለምን 113 አለኝ? 3 እና 8… ወይኔ። ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አንብብልኝ አልኩት። "እሱ የሥራ ፈት ሥራ ነው።" ካለበት አልተነሣም።

ለካስ አያይም። ስንት ጊዜ ሆነው? እኔ ደግሞ መኪና እየሠራሁለት! በጣም ፈራሁ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 10
ተጣላን።
"መንገዱን አንቺ ሳትወለጂ ነው የማውቀው።"
"መንገዱንስ ታውቀዋለህ። መንገዱ ላይ የቆመችውን ላምስ?"
የዓይን ሞራ ሳይሆን አይቀርም፣ ይወጣል፣ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተኩልሃል አልኩት። ፋብሪካ የሠራው ነገር ዓይኔ ውስጥ አይገባም አለ። ጉልበትህን ታዲያ እግዜር ነው የላከልህ? አልኩት። በሩን ድርግም አድርጎ ገባ።

በቃ። ዓይኑን እስኪታይ ድረስ ብየዳ የለም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 18
ፒካፑ ጎማው ከቦታው ሸሽቶ ግቢው ውስጥ ቆሟል። አላፊ አግዳሚው ፍሬን እየያዘ ያያል። አንዱማ ፎቶ አነሳ። አባዬ በመጋረጃ እያጮለቀ ይንገበገባል። አላዘንኩለትም… ትንሽ አዝኛለሁ።

ማታ መጣ። "ዓይኔን ካሠራሁ ጎማውን ታስተካክዪዋለሽ?"
"አዎ።"
"የሰፈር መሳቂያ አደረግሽኝ እኮ።"

ዓርብ፣ ሜይ 17
ሁለተኛው ዓይኑም ተሠርቶ ፋሻው ተነሳ። ብዙ ጊዜ አፍጥጦ አየኝ። ይኼኔ ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ…
"ጆሊን፣ አርጅተሻል እኮ!"

ሰኞ፣ ጁን 3
ሻንሲውን መልሼ አስረዘምኩት። ጎማው ልክ መሀል ገባ። አባዬ ተንበርክኮ ብየዳዬን አንድ በአንድ መረመረ። "እዚህ ጋ የዶሮ ጭረት ይመስላል" አለ። ማየቱ ነው የጎዳኝ!

ቅዳሜ፣ ጁን 8
ዛሬ ነዳ። እኔ አጠገቡ። ያገኘውን ሰሌዳ ሁሉ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል። "የበቆሎ ዘር! ትኩስ ዓሣ! ውሻ አለ!" አንዱ ጋ ሲደርስ ፍሬን ያዘ።
"ይሄ መቼ ተተከለ?"
"አምስት ዓመት ሆነው፣ አባዬ።"
ሰሌዳውን ደጋግሞ አየው። "አንድ ላም እንኳ አልገጨሁም እኮ" አለ ቀስ ብሎ። ሁለታችንም ሳቅን። እኔ ደግሞ አለቀስኩ።

ግቢያችን በር ላይ መልሶ አቆመ። "ውረጂ በይ። ብቻዬን ነው የምሄደው።" ወረድኩ። ቆሜ አየሁት። ትንሽ እንደሄደ ቆመ፣ አንገቱን በመስኮት አወጣ። ምን ሆነ ብዬ ስሮጥ፦
"ጆሊን! ሸሚዝሽን ገልብጠሽ ነው የለበስሽው!"
ጎንበስ ብዬ አየሁ። እውነቱን ነው።