በመስቀል በሬያችን ገንዘብ አክሲዮን ላስገዙን ሥራ አስኪያጅ

ጥር 8 ቀን 1991 ዓ.ም.
ሲቀላ፣ አርባ ምንጭ

ለተከበሩ አቶ ሰይፈሥላሴ ብርሃነመስቀል
የጉጌ ብርሃን ኃይል ማመንጫ አክሲዮን ማኅበር ዋና ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፦ ስለሰጡን ምክር ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

የተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ? ይህ ደብዳቤ ደም ግፊትዎ ረግቶ፣ ወገብዎ ጸንቶ፣ ዕንቅልፍዎ ሞልቶ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ፤ በተለይ እስከ ጥር ሃያ አራት ድረስ አንዳች ጉንፋን እንኳ እንዳይነካዎ በየዕለቱ እጸልያለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች እደርስበታለሁ።

እኔ ወይዘሮ ልክነሽ ደግፌ እባላለሁ። በሲቀላ ገበያ ጋቢና ቡልኮ የምሸጥ፣ የዶርዜው ሸማኔ የአቶ ኤርጫፎ ኦይታ ባለቤት ስሆን የማኅበርዎም ባለአክሲዮን ነኝ። ካላስታወሱኝ፣ በኅዳር ወር ከጠዋት እስከ ምሳ ሰዓት ቢሮዎ ደጅ የጠናሁት፣ በኋላም «ለፊልድ ወጥተዋል» ተብዬ ስመለስ ዓሣ ቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ያገኘሁዎት ሴት ነኝ። ዓሣው ተስማምቶዎት እንደ ነበር ሳልጠይቅ በማለፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላክ ሲገባኝ በመናኸሪያው ግድግዳና በጨንቻ ገበያ መለጠፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ። የትርፍ ድርሻችን መቀነሱን ያበሠሩን ከቢሮዎ በር ጀርባ በተለጠፈች የእጅ መዳፍ በምታህል ወረቀት ነበርና፣ እኔ ወረቀቱን በመጠኑ አሳድጌ የተማርኩትን መለስኩ እንጂ አዲስ ነገር አላመጣሁም። አሁን ምስጋናዎቼን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ስለ ቃልዎ። በ1987 ዓ.ም. ዶርዜ ድረስ ወጥተው፣ ሽማግሌዎቻችን ተቀምጠው ነገር በሚቆርጡበት በዱቡሻው ሜዳ ላይ ቆመው፣ እንደ አገራችን ወግ እርጥብ ሣር በእጅዎ ይዘው የተናገሩትን የሰማ ሁሉ ያስታውሰዋል። ከተራራችን የሚወርደው ውኃ ተርባይን እንደሚያዞር፣ ቀን ወፍጮ ማታ መብራት እንደሚሰጥ፣ መቶ ብር ያዋጣ ሰው በየዓመቱ አሥራ ሁለት ብር እንደሚያገኝ፣ ይህም የጉጌ ተራራ ካልተናደ በቀር እንደማይቀንስ ነገሩን። ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሸማኔ ጉድጓድ ውስጥ እግሩን ዘርግቶ ሲሸምን የኖረ፣ ጉልበቱ ያለቀ ሰው ነው። ቃልዎን አምኖ የሽሮ ሜዳውን ቤት ከነዕቃው ሸጠና አክሲዮን ገዛ፤ እዚህ ቤታችን የነበረውንም የሽመና ጉድጓድ በገዛ እጁ አፈር ሞልቶ ደለደለው። ሁለት ዓመት ያህል የትርፉ ብር መጣ፤ ኤርጫፎም ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ጎረቤት ሲያጫውት ዋለ። ሁለቱን ዓመት አልክድም። መካድ የእርስዎ ሙያ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ውኃው። ባለፈው ነሐሴ አሥራ ሁለቱ ብር ሁለት ብር ሆነ፤ ምክንያቱም በወረቀቷ ላይ እንደ ተጻፈው «በአካባቢው በተከሰተው የውኃ እጥረት» ነው። በዚያው ሳምንት የጨንቻን መንገድ ዝናብ ሦስት ቦታ ቆርጦት፣ አዲሷ ነጭ መኪናዎ እስከ በሯ ጭቃ ውስጥ ሰምጣ፣ ገፍተው ያወጧት ባለአክሲዮኖችዎ ነበሩ። ሰዎቹ በውኃ እጥረት መኪና እንዴት እንደሚሰምጥ ሊጠይቁዎ አስበው ነበር፤ መስታወቱን ቶሎ ስለዘጉት ሳይመቻቸው ቀረ።

ሦስተኛ፣ ስለ ጊዜ አመራረጥዎ፤ በዚህስ በእውነት አድንቄዎታለሁ። በመካከላችን አሥራ አምስት ዓመት ኖረዋልና ለጋሞ ሰው መስቀል ምን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም በሳንቲም ያጠራቅማል፤ የጎደለውን ነሐሴ ላይ ሞልቶ የመስቀሉን በሬ በኅብረት ይገዛል፤ ያላረደ ሰው ዓመቱን እንደ ተሻገረ አይቆጠርም። የብዙዎቻችን መሙያ ከእርስዎ የሚመጣው ትርፍ ነበር። ትርፉን በየካቲት ቢቀንሱት ኖሮ ማጉረምረም ብቻ ነበር የሚሆነው፤ በነሐሴ ሲቀንሱት ግን በሬው እንዳይጎድልበት አክሲዮኑን ይዞ ገበያ የማይወጣ ሸማኔ አልነበረም። ገበያ ላይ ደግሞ ማን ይጠብቀዋል? የባለቤትዎ ወንድም አቶ በዛብህ፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው። የመቶ ብሩን አክሲዮን በሠላሳ አምስት ብር እየገዙ፣ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እያሉ ወረቀታችንን ሲያጣጥሉት ዋሉ። ሃያ ዓመት ሸማ ስሸጥ የተማርኩት አንድ ነገር አለ፤ ዕቃውን እያጣጣለ ከእጁ የማይለቅ ሰው፣ እሱ ገዢ ነው። ያን ቀን ዘንቢሌን ይዤ ዳር ቆሜ አየኋቸው፤ የሚቀንሰውና የሚገዛው አንድ ቤት እንደሚያድሩ የገባኝ ያኔ ነው።

አራተኛ። ይህኛውን በጨዋ ቃል ልጽፈው ሦስት ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ባለቤቴ በስድሳ ሦስት ዓመቱ ወደ ጉድጓድ ተመለሰ። የራሱን ደልድሎታልና ጨንቻ ላይ በአንድ ነጋዴ ቤት፣ በሰው ጉድጓድ፣ በሰው ድርና ማግ፣ በሳምንት ክፍያ ይሸምናል። ሽመና አያሳፍረንም፤ ያደግንበት ነው፤ ነገር ግን ከወጡበት ጉድጓድ ተገፍቶ መመለስ ሌላ ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀን ማታ ጉልበቱን በሞቀ ውኃ ሳሽለት «ጉድጓዱ አልረሳኝም» አለኝ። እኔም አልረሳሁትም። ይቅር አልልዎትም፤ እንድልዎትም አይጠብቁ።

አምስተኛ፣ ወደ ዋናው ጉዳዬ ወደ ምክርዎ ልምጣ። በነሐሴ መጨረሻ ግቢዎ ተሰብስበን ስንጮህ ከበረንዳዎ ላይ ሆነው «ትርፍ ሲቀንስ የሚሸጥ ሞኝ ነው፤ ብልህ ሰው የሚገዛው ይኼኔ ነው» አሉን። ጩኸቱ ጸጥ እንዲልልዎ ነበር ያሉት፤ የምንገዛበት ገንዘብ እንደሌለንም እርግጠኛ ነበሩ። የተከበሩ ሆይ፣ ጎደሎውን የበሬ ገንዘብ ረሱት። በሬ ባይገዛም አክሲዮን ይገዛል።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሣሁት የሠፈራችንን የበሬ ገንዘብ ለሚይዙት ለአቶ ካሱ ነበር፤ ሽማግሌው እብድ እንዳየ ሰው ደንግጠው አዩኝ። ሦስት ቀን ተመከረ። የተቆጣ ነበር፣ ያለቀሰ ነበር፣ «አባቴ በመቃብሩ ምን ይለኛል» ያለ ነበር። በአራተኛው ቀን አቶ ካሱ ተነሥተው፣ አንድ መስቀል ያለ ሥጋ ብናሳልፍ እንደማንሞት፣ በየዓመቱ እንዲህ ከተነጠቅን ግን ከነልጆቻችን የሰው ጉድጓድ ገቢ መሆናችን እንደማይቀር ተናገሩ። ስለዚህ በዘንድሮው መስቀል በአርባ ሁለት ቤት በሬ አልታረደም። ደመራው ተለኮሰ፣ ቅቤውም ተቀባ፤ ከዚያ ቆጮ በጎመን በላን። የማዶው ሠፈር ሰዎች ሥጋቸውን አንጠልጥለው በደጃችን ሲያልፉ ሳቁብን። እኔ ግን ከመስቀሉ በፊት፣ በዚያው ገበያ፣ ከአቶ በዛብህ አሥር እርምጃ ራቅ ብዬ ጋቢ አንጥፌ ነበር፤ እሳቸው በሠላሳ አምስት ሲሉ እኔ በአርባ ገዛሁ። መሸጥ ያልፈለገም ድምፁን በፊርማው ሰጠኝ። አቶ በዛብህ «አንዲት ጋቢ ሻጭ አብዳለች» ብለው ሲስቁ ሰምቻለሁ። የችኩል ገዢ ሳቅ ነውና አልተቀየምኳቸውም።

ዛሬ ከመቶው እጅ ሃምሳ አራቱ ከነፊርማው በእኔ ሣጥን ውስጥ፣ ከቡልኮዎቹ ሥር ተቀምጧል። እርስዎ አሳትመውት ምናልባት ያላነበቡት የማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ አንድ አሥረኛ የያዘ ባለአክሲዮን ስብሰባ ሊጠራ፣ ከግማሽ በላይ የያዘ ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ሊያነሣ እንደሚችል ይናገራል። በዚሁ መሠረት ጠርተንዎታል፦ ሰኞ ጥር 24 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ በገበያ ቀን፣ ዶርዜ፣ ቃል በሰጡበት ዱቡሻ ላይ። አጀንዳው የነሐሴው ውኃ፣ ነጯ መኪናና ወንበርዎ ነው። በዱቡሻ ነገር ሳያልቅ ተነሥቶ የሚሄድ የለምና ጋቢ ይያዙ፤ ይበርዳል። ከሌለዎት እኔ ዘንድ አለ፤ ዋጋው ግን አይቀንስም።

ጋሞ በመስቀል ጎመን በላ ማለት በሬውን ተወው ማለት አይደለም፤ ቀኑን አዛወረው ማለት ነው። የዘንድሮው በሬያችን እርስዎ ነዎት። ቅርጫውን አርባ ሁለት ቤት እየጠበቀ ነው።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይባላል፤ በዚህ በኩል አንዳች ቁጭት እንደማይደርስብዎ በማወቄ ልቤ ያረፈ፣ የማስተዋል ምክርዎ ተማሪ፣ የኅዳሩ ደጅ ጠኚዎ፣ የዛሬው ጠሪዎ፣ በታላቅ አክብሮት፣

ልክነሽ ደግፌ (ወይዘሮ)

ግልባጭ፦
ለአቶ በዛብህ (ቦርሳቸውን ይዘው እንዲገኙ)
ለጨንቻ ዝናብ (ስሙ በከንቱ ስለጠፋ፣ ለመረጃ ያህል)

ማስታወሻ፦ ባለቤቴ ከጥር 24 በኋላ ወደ ጨንቻ አይመለስም፤ ስለዚህ በነጋዴው ቤት ያለው ጉድጓድ ክፍት ይሆናል። ስለ እርስዎ አነጋግሬያቸው ፈቅደዋል፤ መወርወሪያውንም ኤርጫፎ ጠርጎ አስቀምጦልዎታል። መጀመሪያ ሰሞን እግር ይደነዝዛል፣ ጉልበት ይቆረጥማል፤ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይለመዳል አሉ። ክፍያው ትንሽ ነው፤ ግን በየቅዳሜው ይከፈላል፣ እስከ ዛሬም በውኃ እጥረት ቀንሶ አያውቅም።