በምሥራቅ በኩል ክፍት ቦታ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአብዱልመሊክ፣ ጅቡቲ።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካትሁ። ወንድም ጋሼ፣ እንደምን ከርመሃል? ያ ወገብህ እንዴት ሆነልህ? ወደቡ ላይ ሸክሙን ብትተወውም ቆመህ መዋልህ አይቀርምና ሐሳቤ ከእሱ ወጥቶ አያውቅም። ሙቀቱስ ዘንድሮ እንዴት ይዟችኋል? ልጆቹ ደህና ናቸው? ናስትሆስ? እኔ በአላህ ፈቃድ በሕይወት አለሁ። ደህና ነኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ገና ከመጀመሪያው መስመር ልዋሽህ ስላልፈለግኩ ተውኩት። ይህን ደብዳቤ ለብቻህ ሆነህ አንብበህ ጨርስ፤ ለናስትሆ የምትነግራት ከዚያ በኋላ ነው። የወንድሟ የካሂን ግራ ዓይን ጠፍቷል። ሰው ሁሉ ግመል ጠባቂዎቹ አጠፉት ይላል። ያጠፋሁት እኔ ነኝ።

ከሥር ከመሠረቱ ልንገርህ። ጡረታ ስትወጣ በሚስትህ በናስትሆ አገር፣ በደምበል፣ ጎጆ ቀልሰህ ማረፍ እንደምትፈልግ ከጻፍክልኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። እኔም ሥራውን ለእኔ ተወው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። ከደሴ ከመጣሁ ጀምሮ ጅጅጋ ላይ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ስሸጥ የኖርኩ ሴት፣ ስለ ቤት ማን ያስተምረኛል ብዬ ነው። ለካ ቤት መሥራትና የቤት ወረቀት ማውጣት ለየቅል ናቸው። የጅቡቲ ፓስፖርት ስለያዝክ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ መሆንህን የሚያሳየው ቢጫ ካርድ ካልመጣ መሬት በስምህ አይሆንም አሉኝ፤ ላክህልኝ። ውክልናው ኤምባሲ ካላተመበትና ውጭ ጉዳይ ካላረጋገጠው አንቀበልም አሉ፤ እሱም መጣ። የናስትሆ ዘመዶች ከከተማው ወጣ ብሎ የሰጡህን ሰፊ መሬት ደግሞ፣ ግጦሽ ነው፣ መኖሪያ አይፈቀድበትም ብለው ከፕላኑ ክልል ጫፍ ላይ ሌላ ቦታ አሳዩኝ። ፕላን አስነሳሁ፣ የይዞታ ደብተር አወጣሁ፣ የግንባታ ፈቃድ ለመንኩ። በጅጅጋና በደምበል መካከል ስንቴ እንደተመላለስኩ የሚያውቀው የአይሱዙው ሾፌር ብቻ ነው።

ጥፋቴ የተጀመረው በአንዲት ፎርም ላይ ነው። በአራቱም አቅጣጫ ያሉት አዋሳኞች ተጽፈው፣ ቦታው የእኛን አይነካም ብለው መፈረም ነበረባቸው። በሰሜን፣ በደቡብና በምዕራብ ያሉት ጎረቤቶች ፈረሙ። በምሥራቅ ማንም የለም፣ ሜዳ ነው። ቀያሹ የመጣው በነሐሴ ስለሆነ ሣሩ ጉልበት ይደርስ ነበር፤ ሰውም ግመልም አይታይም። በምሥራቅ በኩል ክፍት ቦታ ብዬ ሞላሁና ፈረምኩ። ካሂን አጠገቤ ቆሞ ነበር። እህቴ ሲለኝ እንደለመደው አባዮ ብሎ ጠራኝና፣ ይህ ቦታ ክፍት የሚመስልሽ ዝናብ ስላለ ነው፣ በጅላል፣ በደረቁ ወራት፣ የሽማግሌው የሀይቤ ግመሎች ወደ ውሃው ጉድጓድ የሚወርዱት በዚህ ነው አለኝ። እስኪመጡ ቆይተሽ ሽማግሌዎቹን አስቀምጠሽ ብታነጋግሪያቸው ግማሽ ቀን አይፈጅም፣ መንገዳቸውን አስተርፈሽ ታጥሪያለሽ አለኝ። እኔ ምን ብመልስለት ጥሩ ነው? ፈቃዱ በስድስት ወር ውስጥ ሥራ ካልተጀመረበት ይሰረዛል፣ ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዤ የግመል ደጅ አልጠናም አልኩት። ሳቀ፤ ግን እንዳልወደደው ፊቱ ላይ አይቻለሁ። አይቼም ፎርሙን አስገባሁ።

በጥር ግንበኞች ከጅጅጋ ወሰድኩ፤ ዙሪያውን በእሾህ አሳጠርኩ፤ የመሠረቱ ቦይ ተቆፈረ። የሆነው የሆነው ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ጠዋት ነው። መጀመሪያ አቧራው ታየ፤ ቀጥሎ ግመሎቹ። ስንት ቀን ውሃ ሳይቀምሱ እንደተጓዙ እንጃ፤ የውሃው ሽታ ደርሷቸው የሚያቆማቸው ሰው አልነበረም። አጥሬን በደረታቸው ጥሰው ገቡ። ከፊት የነበረችው ያረገዘች ግመል ቦዩ ውስጥ ወደቀች፤ እግሯ ቀጭ ሲል ሁላችንም ሰማነው፣ አጥንቷ ቆዳዋን በስቶ ወጣ። እንደዚያ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሀይቤ ወደ ቦዩ ወርዶ ቢስሚላህ ብሎ አረዳት፤ የቤትህ መሠረት ደም ሞላበት። እጁ እስከ ክርኑ በደም እንደተነከረ ወደ እኛ ዞሮ ተሳደበ። ከግንበኞቹ አንዱ መለሰለት። ከዚያ ወዲያ ማን እንደጀመረው አላህ ይወቅ፤ ድንጋይ መዝነብ ጀመረ። አንዱ ግንበኛ የፊት ጥርሶቹ ረገፉ። አንዱ ግመል ጠባቂ በአካፋ አናቱን ተመትቶ ተዘረረ፤ ተዘርሮም ሲረግጡት አይቻለሁ።

እኔ ሸሽቼ መኪናው ውስጥ መግባት እችል ነበር። ሴት ናት ብሎ ማንም አይነካኝም። ግን ታውቀኛለህ፣ ደሜ ከፈላ እህትህ ሌላ ሰው ናት። የሀይቤ ልጅ ሀምሴ የማዕዘኑን ችካል ነቅሎ ሲወረውር አየሁት። ያንን ችካል ለማስተከል ስንት ቢሮ እንደተንከራተትኩ በዓይኔ መጣብኝ። አንድ ክንድ ተኩል የምትሆን ቁራጭ ፌሮ ከመሬት አነሳሁና ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሰነዘርኩበት። ወንድም ጋሼ፣ ላስፈራራው አልነበረም፤ ልገድለው ነበር። ሀምሴ ጎንበስ አለ። ካሂን ለካ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ተዉ፣ በአላህ ተዉ እያለ በመካከላችን ገብቷል። የፌሮው ጫፍ ግራ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ስስበው ምን እንደመጣ አልጽፍልህም።

ፌሮውን ጣልኩና ከሁሉም ቀድሜ ኡኡ ያልኩት እኔ ነኝ። ሻርፔን ፈትቼ ፊቱን ያሰርኩትም እኔው ነኝ። በዚያ አቧራ መሐል ማን እንደመታው ያየ የለም፤ ሀምሴ አጠገቡ ቆሞ ስለነበረ ሀምሴ ነው ተባለ። እኔን ማን ይጠረጥራል? እንዲያውም የካሂን አክስት ዓሻ አንገቴን አቅፋ አለቀሰች፤ ልጃችንን ያተረፍሽልን አንቺ ነሽ ብላ መረቀችኝ። ያንን ምርቃት አንገቴን ደፍቼ አሜን ብዬ ተቀበልኩ። ከሠራሁት ሁሉ ይሄ አሜን ይብስብኛል።

እሑድ የካሂን የአጎት ልጆች ሀምሴን ደምበል ገበያ ውስጥ ስኳር ሲገዛ አገኙት። ሁለቱ እጁን ጠፍረው ያዙት፤ ሦስተኛው ሆዱን ሁለት ጊዜ በጩቤ ወጋው። ወገኖቹ አንጀቱን በገዛ ሽርጡ አስረው፣ ካሂን ወደተኛበት የጅጅጋ ሆስፒታል በፒካፕ አመጡት። አሁን ከካሂን ክፍል ሁለት በር አልፎ ተኝቷል፤ እስከ መጪው እሑድ ከቆየ ይተርፋል ይላሉ። እናቱ ሱዕዲ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ፣ ልጄ የማንንም ዓይን አልነካም እያለች ላለፈ ላገደመው ሁሉ ትናገራለች። የሚሰማት የለም። እኔ ለካሂን ሻይ በፔርሙስ ይዤ በፊቷ አልፋለሁ። የሀይቤ ሰዎች ደግሞ ጠመንጃቸውን ይዘው ከደምበል ወጣ ብለው ሰፍረዋል። ሀምሴ ከሞተ ከካሂን ዘመዶች አንድ ሰው መርጠው ይገድላሉ፤ ከእነዚህ ደግሞ አንዱ ተነሥቶ ያንን ይበቀላል። ይህ ሁሉ የሚቆመው እኔ አፌን ስከፍት ብቻ ነው።

ዛሬ ጠዋት ካሂን ዘንድ ገባሁና በሩን ዘግቼ ነገርኩት። ፊቱን ያዞርብኛል፣ ይጮኻል ብዬ ነበር። አውቃለሁ አባዮ አለኝ፣ በቀረችኝ ዓይኔ መጀመሪያ ያየሁት አንቺ ፌሮውን ስትጥይ ነው። ታዲያ ሀምሴን ሲወነጅሉት ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮህኩበት፤ አየኸኝ አይደል፣ ጯሂዋ እንደገና እኔው! ከዚያ፣ ናስትሆ ከደምበል ከወጣች ሃያ ስምንት ዓመቷ ነው፣ እናታችንን እንኳ ሳትቀብር ቀርታለች አለኝ። ያንቺ እጅ መሆኑ ከተሰማ ወንድምሽ ከእኛ ጋር ሊኖር ያፍራል፣ ቤቱም ይቀራል፣ እሷም እዚያው ታረጃለች፤ ዓይኔ አንዴ ፈስሷል፣ እህቴንም አብሬ ልጣ ወይ? አለኝ። ይወጉታል ብዬ ግን አላሰብኩም፣ የሱዕዲ ድምፅ በበሩ በኩል ይሰማኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ይሰማኛል ብሎ ተንሰቀሰቀ። ያን ትልቅ ሰው እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼው አላውቅም።

ቅዳሜ ደምበል ላይ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ። ሐኪሞቹ ቢከለክሉትም ካሂን እሄዳለሁ ብሏል። ተነሥቼ የምናገረው ግን እኔ ነኝ። ሱዕዲን እስከዚያ አላስጠብቃትም፤ ይህን ደብዳቤ ለሾፌሩ እንደሰጠሁ ኮሪደሩ ላይ ሄጄ እግሯ ሥር ተቀምጬ እነግራታለሁ። ፖሊስ ጣቢያም በራሴ እግር እገባለሁ። ካሰሩኝ መጥተህ ሱቁን ዝጋና ቁልፉን ካሂን ዘንድ ተወው።

የቤቱን ነገር በተመለከተ፣ ቦታውን ልመልሰው ብዬ ነበር፤ ካሂን እምቢ አለኝ። የምሥራቁ ወገን ተቆርጦ ለግመሎቹ መንገድ ቢተው አዲስ ፕላን ማስነሳት ይቻላል። እሱን የምፈርመው ግን እኔ አይደለሁም። ውክልናዬን ሰርዘው። ቤቱን አሁንም ከፈለግከው ጡረታህን አትጠብቅ፤ ራስህ መጥተህ ከሀይቤ ፊት ተቀመጥ፣ ስለ ግመሏም ስለ ልጁም ይቅርታ ለምን። እሱ እሺ ካለ በምሥራቅ በኩል ስሙን ጻፈው፣ አውራ ጣቱንም ያኑርበት። እምቢ ካለ ማኅተሙ ሁሉ ከንቱ ነው፣ ቦዩን በአፈር ሙላውና ተመለስ።

ልጅህን ሙሚናን አገላብጠህ ሳምልኝ፤ የላክሁላት ጫማ ልኳ ሆነ? መንትዮቹን ጉንጫቸውን ሳምልኝ። ጎረቤታችሁን ዐዎን እንዴት ነሽ በልልኝ፤ ስለ እግሯ ሕመም ዱዓ አደርጋለሁ።

ለናስትሆ ሰላምታ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰረዝኩት። ሰላም ብላሻለች አትበላት። መጀመሪያ ያደረግኩትን ንገራት፣ አንድ ቃል እንኳ ሳታለዝብ። ቀጥለህ ወንድሟ ስለ ማን ብሎ ዝም እንዳለ ንገራት። ከእኔ ሰላምታ ትፈልግ እንደሆነ ከዚያ በኋላ ጠይቃት።

እህትህ ሪሐና
ጅጅጋ፣ የካቲት 23 ቀን 1998 ዓ.ም.