በመንደራችን ስለ ተዋጠችው ‘ዘ’ እና ስለ ዳይቫ መታገድ

ለክብርት ዶክተር ኦገስታ ፔልሃም
የአውራጃው የትክክለኛ እንግሊዝኛ ማረጋገጫ ጽሕፈት ቤት የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክብርት ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በሞቀ ክፍልና በደረቅ ካልሲ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ የአፐርትዌይት ነዋሪዎች ዝናቡ ጣራችንን፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደግሞ አንደበታችንን ከመፈተሹ በቀር ደኅና ነን። እኔ በዮርክሸር ኮረብታዎች ላይ ዕድሜዬን ሙሉ የድንጋይ ካብ ስክብ የኖርሁ ጡረተኛ ነኝ፤ ካብ እንጂ ደብዳቤ አልለመድሁምና አጻጻፌ ቢያዘምም ይታገሡኝ።

ለመጻፍ ያስገደደኝ ጉዳይ አጭር ነው። ባለቤቴን ሒልዳን ባለፈው የገና ሰሞን ስትሮክ ከመታት ወዲህ ቤታችን እየመጣች የምታጥባት፣ የምታበላትና የምታስቃት የሊቱዌኒያ ተወላጇ ዳይቫ፣ ጽሕፈት ቤትዎ በሰጣት የቃል ፈተና ወድቃ ከሥራ ታግዳለች። ጥፋቷም በእንግሊዝኛ ከስም ፊት የሚገቡትን ሁለት ትናንሽ ቃላት፣ ማለትም የታወቀውን ነገር የምታመለክተውን ‘ዘ’ን እና ማንኛውንም አንዱን የምታመለክተውን ‘ኤ’ን ከንግግሯ ማጥፋቷ ነው። የሚመጣው ሐሙስ በድጋሚ ትፈተናለች፤ ከወደቀች እስከ ወዲያኛው ደጃችንን አትረግጥም። እኛን አረጋውያንን ከዚህ ዓይነቱ አደጋ ስለ ጠበቁን ምስጋናዬ ወደር የለውም። ሒልዳ ሰዋስው ባልጎደለበት እጅ ሳትታጠብ ብትቀር ምን ይውጠን ነበር!

ይሁንና የሚከተሉትን ቅሬታዎች በታላቅ ትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ጥፋተኛዋ ዳይቫ አይደለችም። ይህች ሴት መንደራችን ስትገባ ‘ዘ’ን እንደ ጨው በሁሉ ላይ ትነሰንስ ነበር፤ በእኔ ስም ፊት ሳይቀር ታስገባት ነበር። ከዚህ አመል ያላቀቅናት እኛ ነን። እኛ የዮርክሸር ሰዎች፣ እንደሚያውቁት፣ ‘ዘ’ን እንውጣታለን፤ ጉሮሯችን ላይ ትንሽ ደንቀፍ ትልና ትወርዳለች፣ ከዚያ በኋላ ያያት የለም። ዳይቫም ከእኛ ጋር ስትውል ስታመሽ መዋጥ ለመደች። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ምን ተምራ እንደምትመጣ ለክብርነትዎ መጥቀስ ነውር ስለሆነ እተወዋለሁ፤ አህዮቹ ግን እኛ መሆናችንን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ። ደግሞስ ማን ይንገራት? በእኛ ዘንድ የሰውን ስሕተት ፊት ለፊት ከመናገር ከጎረቤት ጣራ ላይ መውደቅ ይቀላል። ዳይቫ በተሳሳተች ቁጥር “ጎበዝ! እንግሊዝኛሽ ከእኛ ይበልጣል እኮ” እያልን ሻይ ስንቀዳላት ኖረናል። የጣላት ጨዋነታችን ነው።

ሁለተኛ፤ ይህንኑ በስልክ ባስረዳሁ ጊዜ፣ ችግሩን ከምንጩ ለማድረቅ ሲባል ተቆጣጣሪ ሚስተር ፔምበርተን ተልከውልናል። ለዚህ ፈጣን ምላሽ እጅ እነሣለሁ። እሳቸውም መንደርተኛውን በሙሉ ወደ አዳራሹ ጠርተው ፈተኑ። ሰልፉ እጅግ ያማረ ነበር። ግማሹ ሰው የጉንፋን ክትባት መስሎት እጅጌውን ሰብስቦ ነበር የቆመው፤ ነገሩ ሲገባውም ሰልፍ ጥሎ መውጣት አሳፍሮት እዚያው ቀረ። ባለ ሥጋ ቤቱ ኢኖክ ትናንት ወዴት እንደ ሄደ ሲጠየቅ፣ እንደ አባቶቹ ‘ዘ’ን ውጦ “መጠጥ ቤት” ብሎ መለሰ። ሚስተር ፔምበርተን የታወቀው መጠጥ ቤት ነው ወይስ ማንኛውም አንድ መጠጥ ቤት ብለው ቢያፋጥጡት፣ “ወንድሜ፣ ያለን አንድ ነው እኮ! የትኛው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካለ እዚያው ጠጥቶ መጥቷል ማለት ነው” አላቸው። ወደቀ። ቄሳችንም ወደቁ፤ የአውቶቡሱ ሹፌርም ወደቀ። የወደቀ ሰው ሌላውን እንዳይበክል ከማንም ጋር እንዳይነጋገር ስለ ታዘዘ፣ መንደሩ በሙሉ ሳምንቱን በአንገት ሰላምታ ብቻ አሳለፈ። እውነቱን ለመናገር ልዩነቱን ያስተዋለው ጥቂት ሰው ነው።

ሦስተኛውን ቅሬታ በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ እምቢ አለኝ። በዳይቫ ምትክ የላኩልን ሴት ሰዋስዋ እንከን አይወጣለትም። ሒልዳ ግን ከታመመች ወዲህ የቀሯት ቃላት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሻይ፣ ዝናብ፣ መስኮት፣ ደግሞም አንድ ስድብ፣ እሱን ለእኔ ነው የምትቆጥበው። ‘ዘ’ም ‘ኤ’ም የሏትም። ባለፈው ሰኞ “መስኮት” አለች። ሴትዮዋ እንደ ሠለጠነችው ጎንበስ ብላ፣ “የትኛው መስኮት ነው፣ ወይዘሮ ሃርግሪቭ? ማንኛውም አንድ መስኮት ነው ወይስ ያ የታወቀው? ሙሉውን ይበሉልኝ” አለቻት። ሒልዳ ደግማ “መስኮት” አለች። ሴትዮዋም ደግማ ጠየቀቻት። ሒልዳ አለቀሰች፤ እኔም ወጥ ቤት ገባሁና ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስሁ። ዳይቫ ብትሆን “እሺ የኔ እመቤት፣ መጣሁ” ብላ ወንበሯን ወደ መስኮቱ ትገፋላትና፣ ሁለቱም በኮረብታው ላይ የሚግጡትን በጎች እያዩ በእኔ ይሥቁብኝ ነበር። በቤቴ ሣቅ ከተሰማ ሰነበተ። ክብርት ሆይ፣ ተናድጃለሁ። እኛ አገር እንዲህ ብሎ መጻፍ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ቢሆንም ተናድጃለሁ።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ሐሙስ ዕለት ዳይቫን ሲፈትኑ ሒልዳንም አብረው ይፈትኑልኝ፤ ይህን ሁሉ ዘመን የኖርሁት እንግሊዝኛ ከማትችል ሴት ጋር ከሆነ ሳልሞት ማወቅ እፈልጋለሁ። ሥራ እንዳይበዛብዎ አንዱን መልሷን አስቀድሜ ልላክልዎ። ትናንት ከሰዓት በኋላ በሩ ሲንኳኳ ቀና አለችና፣ ከታመመች ወዲህ ከአፏ ወጥቶ የማያውቅ ቃል ተናገረች። “ዳይቫ” አለች። የመጣው ፖስተኛው ነበር። ፊቷን አየሁና ተቀምጬ የጽሕፈት ቤትዎን መመሪያ አገላበጥሁ። በሰው ስም ፊት ‘ዘ’ም ‘ኤ’ም አይገቡም ይላል። እንግዲህ ሒልዳ አልተሳሳተችም፤ ነጥቧን ይስጧት።

ለጽሕፈት ቤትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለስብሰባዎችዎ አጭር ዕድሜ እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ፣ ወገቤ እስከ ፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እሰናበታለሁ።

ትሑት ታዛዥዎና ‘ዘ’ ዋጩ፣
ክላረንስ ሃርግሪቭ

ማሳሰቢያ፤ ሚስተር ፔምበርተን መኪናቸውን ጭቃ ስለ ያዘባቸው እስካሁን እዚሁ መጠጥ ቤታችን ውስጥ ናቸው፤ ‘ዘ’ን መዋጥም ተመችቷቸዋል። ማክሰኞ ሪፖርት ለማድረግ ወደ ቢሮዎ ቢደውሉ፣ ስልኩን ያነሣው ሰው “ይቅርታ አባቴ፣ አጠገብዎ እንግሊዝኛ የሚችል ሰው ካለ ያቅርቡልኝ” ብሎ ዘጋባቸው። ስለዚህ እሳቸውም ለሐሙሱ ፈተና ተመዝግበዋል። የምታስጠናቸው ዳይቫ ናት።