አራተኛው ጨርቅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

በታላቅ ሐዘን የሚገለጽ፦ በጋራዣችን ለዘጠኝ ዓመት ያለ አንድ ቀን እረፍት ያገለገለችው ሰማያዊ የፕላስቲክ ወንበር ዛሬ ረፋድ ላይ እግሯ ተሰብሮ ከሥራ ተሰናብታለች። አደጋው የደረሰው አማቼ ሲቀመጡባት ነው። ምርመራ አይካሄድም። ቆሻሻ የሚጭነው መኪና መጥቶ ወሰዳት። በሩን አልፋ ስትወጣ ቆሜ አየኋት... እኔም እዚህ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እግሬ ግን፣ እንደ ዕድል ሆኖ፣ ደህና ነው።

ለማስታወስ ያህል (ማን ሊረሳው እንደሚችል እንጃ)፦ ጋራዡ የአማቼ ነው። ከጋራዡ ጀርባ እኔና ባለቤቴ የምንኖርባቸው ሁለት ክፍሎች የአማቼ ናቸው። ምሳና እራት የምንበላው አማቼ ቤት፣ ከአማቼ ፊት ለፊት ተቀምጠን ነው። ከአልጋዬ እስከ ሥራዬ አሥራ አራት እርምጃ። ሌላው ሰው ሥራ ለመድረስ ታክሲ ይጋፋል፤ እኔ ገና ሳልነቃ ደርሻለሁ። ፊት ለፊት "አባባ" እላቸዋለሁ። እዚህ ደብተር ውስጥ ግን ሊቀመንበሩ ናቸው።

ከሰዓት አንዲት ባለ ናፍጣ ፎርዊል መጣች። ባለቤቷ የውሃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው። መሣሪያውን በተሳቢ እየጎተተች ዳገት ስትወጣ "ትንፋሿ ያጥራል" አለ። ትልቅ ኢንተርኩለር ገዝቶ በካርቶን ይዞ መጥቷል። ሊቀመንበሩ ካርቶኑን እንደ ሕፃን አቅፈው ተቀበሉና ለእኔ አስታቀፉኝ።

"ይቺን መኪና በሥርዓት ጨርስልኝ። ከዚያ የወንዝ ማዶውን ጋራዥ ቁልፍ ላንተ።"

ሰማሁ? ሰማሁ። ባለቤቴም ከመለዋወጫ መደርደሪያው ኋላ ሰማች፤ ቆጥራ የጨረሰችውን ብሎን እንደገና መቁጠር ጀመረች። ወንዝ ማዶ... ከጋራዡ በላይ መኖሪያ አለው። የራሱ ወጥ ቤት። የራሱ በር።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ተርቦ አየሩን ይጨምቀዋል። የተጨመቀ አየር ይግላል። ኢንተርኩለር ደግሞ ሞተር ከመግባቱ በፊት ያቀዘቅዘዋል። ሥራው በቃ ይሄው ነው፤ ተናድዶ የመጣውን አረጋግቶ ወደ ቤት ማስገባት። ለእራት ጠረጴዛችን አንድ ቢገጠምልን ምን ነበረበት?

አሮጌው ኢንተርኩለር ሞተሩ አናት ላይ ተቀምጧል፤ ትንሽ፣ ከሥሩ በሚወጣ ሙቀት ሲጠበስ የሚውል። (የማውቀው ሰው ይመስላል።) አዲሱ የሚገባው ግንባር ላይ ነው፣ ከራዲያተሩ ፊት፣ ነፋስ በሚያገኝበት። ፓራውልቱን አወረድኩ። አሮጌውን ፈታሁ። ብሎን ወይ አሸዋ እንዳይገባ የተከፈተውን የቱቦ አፍ ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። ጨርቁ የባለቤቴ አሮጌ መጋረጃ ነው፣ ቢጫ አበባ ያለው፣ ተቀዳድዶ።

አዲሶቹን የአሉሚኒየም ቱቦዎች የሚሠራው በያጁ ነው። ግቢው ጥግ ላይ በቆርቆሮ ከልሎ ከእኔ በፊት ጀምሮ የኖረ፣ ስልሳን ያለፈ ሰው። በቀን አሥር ቃል ከተናገረ ያ ቀን ስብሰባ ነበረ ማለት ነው። ዛሬ ቱቦዎቹን አመጣልኝ። ብየዳው እንደ ጥሩ ልብስ ሰፊ ስፌት... አንድ ቦታ እንኳ አልዘለለም።

"እንዴት ነው?" አለ።

"ጋሼ፣ ይሄንን ኮፈን ሥር መደበቅ ኃጢአት ነው።"

"ሂድ ወደዚያ፣ ቀላማጅ።"

አምስት ቃል። የቀኑን ግማሽ በእኔ ላይ አዋለ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ሲዘንብ ዋለ። ሊቀመንበሩ አራት ጊዜ መጥተው "ደረሰ?" አሉ። አልደረሰም። እራት ላይ አምስተኛውን ጠየቁኝ።

አርብ፣ ጥቅምት 8

ተገጠመ። ሁሉም ልክ ገባ፤ ፓራውልቱ እንኳ ሳይቆረጥ ቦታው ተመለሰ። ሞተሩ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣ። ሊቀመንበሩ ከጎኔ፣ ቆፋሪው ከኋላ፣ ወደ ዳገቱ...

ዳገቱ አጋማሽ ላይ አንዲት ሴትዮ ዘንቢል ተሸክማ በእግሯ ቀደመችን። ዞር ብላም አየችን፣ በአዘኔታ። ጥቁር ጭስ። ጉልበት የሚባል ነገር የለም። ከበፊቱ የባሰ!

ግቢ ስንመለስ ሊቀመንበሩ በሁሉም ፊት፦ "ምንድን ነው ችግሩ?"

"ብየዳው ይሆናል" አልኩ። "ወደ ሞተሩ የሚሄደው ቱቦ ውስጡ ተደፍኗል።"

አፌ አመለጠኝ። እኔ ራሴ የሰማሁት ከሌሎቹ ጋር እኩል ነው። በያጁ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣ መልሶ አደረገ። ምንም አላለም።

ሊቀመንበሩ ግን ወደ እሱ ዞረው አሉ። "እስከ ማክሰኞ ሌላ ትሠራለህ። እሱም ካልሆነ ጥጉን ለጎሚስታው እሰጠዋለሁ፤ ከድሮም ሲለምነኝ ነበር።"

ለናሙና ያንኑ ቱቦ ፈትቼ ለበያጁ ሰጠሁት። እጅ ነስቶ ተቀበለኝ። ለምን እጅ ነሣ?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

ጨርቆቹን ላጥብ ብዬ ሰበሰብኩ... አራት ወትፌ ነበር። ሦስት ናቸው።

መሥሪያ ጉድጓዱ ውስጥ ፈለግሁ። መሣሪያ ሳጥኑ ውስጥ። ኪሴ ውስጥ። ባለቤቴን "መጋረጃሽን አይተሻል?" አልኳት። "ከቀደድከው ወዲህ አልተገናኘንም" አለች።

አላውቅም ማለት ይቻላል? ለራሴ እንኳ አልተቻለም። ተርቦው መውጫ ላይ የወተፍኩትን አላወጣሁትም። ነፋሱ ገፍቶ ወስዶ ኢንተርኩለሩ መግቢያ ላይ ለጥፎታል። አዲሱ፣ ትልቁ፣ የተመሰገነው ኢንተርኩለር በቢጫ አበባ ታንቋል።

አሁኑኑ ጨርቋን በድብቅ ባወጣትስ? አይሆንም። ሊቀመንበሩ መኪናዋን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተዋል፤ "እስከ ማክሰኞ ማንም እንዳይነካት" ብለው።

እሺ፣ ማክሰኞ። አዲሱን ቱቦ ስገጥም ቀስ ብዬ እመዛታለሁ። መኪናዋ ትበራለች። በያጁ ጥጉ ይቀርለታል፣ እኔ ቁልፌን አገኛለሁ፣ ባለቤቴ ወጥ ቤቷን። ማን ተጎዳ? ማንም። ሐሳቡ ለድምፅ ቀርቦ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ተሰብሳቢው አንድ ሰው ነበር።

እሑድ፣ ጥቅምት 10

ጋራዡ ዝግ ነው። የብረት መጋዝ ድምፅ ሰማሁ። አሥራ አራት እርምጃ፣ ወጣሁ። በያጁ የመጀመሪያውን ቱቦ ከላይ እስከ ታች ለሁለት ሰንጥቆ ፀሐይ ላይ እያገላበጠ ያየዋል።

"ጋሼ፣ በእሑድ ምድር?"

"ና እስቲ እይልኝ። ለእኔ ንጹሕ ሆኖ ነው የታየኝ።"

ንጹሕ ነበር። ሳህን ነው የሚመስለው።

"አንተ ተደፍኗል ካልክ ተደፍኗል" አለ። "እኔ ግን አይታየኝም።" መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጨመቀ። "ዓይኔ ሄዷል ማለት ነው። ከዓምና ጀምሮ ጠርጥሬያለሁ... ልጆቼ እንዳይሰሙ አደራህን። ሥራ አስቁመው ቤት ያስቀምጡኛል።"

የሦስት ቀን ቃሉን በአንዴ ተናገረ። ለእኔ።

እኔስ ምን መለስኩ? "አይዞህ ጋሼ።" አለቀ። በዚህ ግቢ ከመፍቻው ይልቅ ምላሱ ትሠራለች የሚባልልኝ ሰው... አይዞህ ጋሼ።

የገዛ ዓይኑን ትቶ የእኔን አፍ አመነ። ማን ተጎዳ ነበር ያልኩት?

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ለባለቤቴ ነገርኳት። በመጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። በያጁ ያለኝን ስነግራት ተቀመጠች።

"በአንድ ቁራጭ መጋረጃ ሰው አሳወርክ?"

"ብናገር ወንዝ ማዶ ቀረ።"

"እኔ የማላውቅ መሰለህ? መደርደሪያው የት እንደሚሆን ሳይቀር ለክቻለሁ።" ወረቀቱን አሳየችኝ። መስኮቶቹ ሁሉ በስንዝር ተለክተዋል። መቼ ሄዳ ለካች?

"ታዲያ ምን ላድርግ?"

"እኔን አትጠይቀኝ። ተናገር ብልህ ነገ 'እሷ ናት' ትላለህ። ዝም በል ብልህም 'እሷ ናት' ትላለህ።"

ዘጠኝ ዓመት አብሮ መኖር ይሄ ነው። የምሾልክበትን ቀዳዳ ሁሉ ታውቀዋለች፤ ቀድማ ደርሳ ትቆምበታለች።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ከበውኝ ቆሙ። ሊቀመንበሩ፣ ቆፋሪው፣ ባለቤቴ ከመደርደሪያዋ ወጥታ። ጎሚስታው ሳይቀር መጥቷል፣ ጥጉን በዓይኑ እየለካ። በያጁ አዲሱን ቱቦ አቀበለኝ። ሲያቀብለኝ ጫፉን በጣቱ ይዳብስ ነበር። ማየቱን ትቶታል።

ጎንበስ አልኩ። የኢንተርኩለሩን መግቢያ ፈታሁ፣ ሁለት ጣቴን ሰደድኩ። አለች። መዘዝኳት። ዘይት ጠጥታ ጠቁራለች፤ አበባው ግን ይታያል። እጅጌዬ ሰፊ ነው፣ ጀርባዬ ጋርዶኛል፣ ማንም አላየም...

ቀና ብዬ ከፍ አድርጌ ያዝኳት።

"አባባ፣ የጋሼ ቱቦ ደህና ነበር። የደፈንኩት እኔ ነኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ አውቄያለሁ።"

ቆፋሪው ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ።

"ወንዝ ማዶ የሚባል ነገር እንዳታስብ" አሉ ሊቀመንበሩ።

"እሺ አባባ።"

"እዚሁ። ከዓይኔ ሥር። እኔ እስክሞት።"

"እሺ አባባ።"

"ደግሞ ቶሎ አልሞትም!"

በያጁ ከጥጉ የተሰነጠቀውን ቱቦ አምጥቶ ፀሐይ ላይ ያዘው። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። "አራት ቀን ዕውር አድርገኸኝ ነበር።" ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት "ዝጋው" አለኝ። ዘጋሁት።

መኪናዋ? ዳገቱን ከነተሳቢዋ እየዘፈነች ወጣችው። ማንም አላጨበጨበም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ወንዝ ማዶ ለባለቤቴ ወንድም ተሰጠ። መፍቻ የሚይዘው እንደ ማንኪያ ነው። ባለቤቴ የለካችበትን ወረቀት አልቀደደችም፤ አጥፋ መሳቢያ ውስጥ አስገባችው። ከዚያ "ምሳህ ቀዘቀዘ" አለችኝ፣ ከማክሰኞ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ። በያጁ ጥጉ ላይ ነው። የመኪና በር እየበየደ ስምንት ቃል ሲናገር ሰምቻለሁ። አንዱም ለእኔ አልነበረም። አሥራ አራቱ እርምጃ ያው አሥራ አራት ነው።

እርማት፦ በዚህ ማስታወሻ በጥቅምት 8 ቀን "አፌ አመለጠኝ" ተብሎ የሰፈረው ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል። ጸሐፊው ከመናገሩ በፊት በግቢው የቆሙትን አንድ በአንድ አይቷል። ሊቀመንበሩ ይቆጣሉ፤ ቆፋሪው ይከራከራል፤ ባለቤቱ እጥፍ አድርጋ ትመልስለታለች። መልስ የማይሰጥ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የተመረጠውም በዚሁ ምክንያት ነው። ቃሉ እንዲህ ተስተካክሎ ይነበብ።