ዘሃራ ያልነካችው ማሽን

ማክሰኞ
የጫንሁት ማሽን ዛሬ ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረ። የሰይድ ኢንተርኔት ቤት በቫይረስ ስለተቸገረ፣ ከኢንተርኔት የሚገባውን የሚያጣራ ፋየርዎል ልጭንለት ቃል ገብቼ ከደሴ ኮምቦልቻ እመላለሳለሁ። የምጭነው ቨርቹዋል ማሽን በሚሉት፣ በአንዱ ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ሌላ ኮምፒውተር በሚሠራው ላይ ነው። ጭኜ ጨረስሁ። ራሱን አጥፍቶ እስኪነሣ ምሳ በልቼ ስመለስ፣ ምንም እንዳልተጫነ «መጫን ይጀምሩ» ይላል።

ሠራተኛዋን ዘሃራን ጠየቅኋት። «ወላሂ አልነካሁም ጋሼ» አለች። እኔ ግን ለሰይድ «መሀል ላይ ሰው አጥፍቶታል» አልሁት። ሰይድ ተማሪዬ ነበር፤ ያልሁትን አይጠይቅም። ደንበኞች ፊት ጮኸባት።

ረቡዕ
ዘሃራ አልመጣችም። የኢንተርኔት ቤቱን ቁልፍ ከሰፈሯ ከሐርቡ በሚመጣ ሚኒባስ ልካዋለች።
እንደገና ጫንሁ። ከወንበሬ አልተነሣሁም። ማንም አልነካውም። ጠፍቶ ተነሣ፤ ያው ገጽ። ለሰይድ ምንም ሳልነግረው ወደ ደሴ ተሳፈርሁ።

ሐሙስ
አንድ በአንድ አየሁ። ዲስኩ ደህና። ሜሞሪው ይበቃል። የመጫኛው ሲዲ ቅጂ ግን አሁንም ማሽኑ ውስጥ ነው። ማሽኑ ሲነሣ አስቀድሞ ሲዲውን ያያል፤ ካገኘው ፋየርዎሉ ወደተጫነበት ዲስክ አይሄድም፣ መጫኑን እንደ አዲስ ይጀምራል። ፋየርዎሉ ማክሰኞም ተጭኖ ነበር። ማውጣት የነበረብኝ እኔ ነኝ።
ሲዲውን አወጣሁ። ተነሣ፤ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ። ደስ አላለኝም።
ለሰይድ ነገርሁት። «ይተዉት ቲቸር፣ ምሬሻለሁ ብዬ እጠራታለሁ» አለ።
«ምን አጥፍታ ነው የምትምራት?»
አቀረቀረ። «እርስዎ ተሳሳቱ ብዬ እንዴት ላውራ?»
ተማሪ መምህሩን አያርምም እያልሁ ያሳደግሁት እኔው ነኝ።

ዓርብ
ከጁምዓ በኋላ ከሰይድ ጋር ሐርቡ ወረድን። እናቷ ወንበር አወጡልን። «ስህተቱ የኔ ነው» አልኋት። ዘሃራ ግን፣
«ጋሼ፣ የተጮኸብኝ በሰው ፊት ነው። እዚህ ከእናቴ በቀር ማን ሰማዎ?» አለች።
እናቷ ሊገሥጿት ሲሉ «ይተዉአት» አልኋቸው። ልክ ናት።

ቅዳሜ
መጣች። የገበያ ቀን ስለሆነ ቤቱ ሞልቷል። ቆሜ ሁሉንም ተናገርሁ። ስንት ዘመን ክፍል ሙሉ ተማሪ ባስተማርሁበት ድምፅ «የተሳሳትሁት እኔ ነኝ፤ ዘሃራ አልነካችም» አልሁ።
«ቲቸር፣ ነጥብ ይቀነስብዎ» አለ አንዱ ደንበኛ። ሳቁ። ዘሃራም ትንሽ ፈገግ አለች።
ወዲያው መብራት ጠፋ። ዘሃራ ሁለት እጇን ወደ ላይ አንሥታ «አልነካሁም» አለች። ቤቱ በሳቅ ተሞላ። እኔ አልሳቅሁም።
መብራት ሲመለስ ማሽኑን ከፈትሁት። ፋየርዎሉ ምንም ሳያስቸግር ተነሣ። ልንገራት ብዬ ስዞር፣ ከማሽኑ ራቅ ብላ፣ እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ቆማለች።