አቧራ ያልነካው ጫማ

ይድረስ ለናፈቅሽኝ ልጄ፤

ጤናሽ እንዴት ነው? ሥራሽስ? እኛ ደህና ነን።

እናትሽ እሳተ ገሞራው ተራራ ላይ ካልወጣሁ ብላ ድርቅ ስላለች፣ ከአስጎብኚ ጋር የአምስት ቀን ጉዞ ይዘናል። አዲሱን ጫማ እግሬ ይልመደው ብላ አልጋ ላይ ሳይቀር ታደርገዋለች፤ ሶሉን እስካሁን አቧራ አልነካውም። ለልምምድ የሕንፃውን ደረጃ እንወጣለን። መጀመሪያ አራተኛ ፎቅ እንደርስ ነበር፤ አሁን ሁለተኛው ላይ ቁጭ ትልና፣ «እይታው ከዚህም ያምራል» ትለኛለች። ፊት ለፊታችን ግድግዳ ነው። ቀልዷን መቼ ትተዋለች!

ትናንት አስጎብኚው ደውሎ፣ «የሚቀመጡባትን በቅሎ እንድመርጥ፣ የባለቤትዎ ኪሎ ስንት ነው?» አለኝ።

የአምናውን ነገርኩት፤ ዘንድሮ ቀሚሶቿ ሁሉ ሰፍተዋታል።

እሷም ጉንጭሽን ስማለች። ፈቃድ ካገኘሽ ተራራውን ሳትጠብቂ ነይ።

አባትሽ