እማማ ጥሩነሽን አላውቃቸውም ያልኩበት ሳምንት

ማክሰኞ

አላውቃቸውም አልኩ። በአፌ እንኳ አላልኩትም፤ በእንግሊዝኛ መለስኩላቸው። ያው ነው።

እንዳለ ልጻፈው። ዛሬ የቆምኩት የጥንት ጣሊያን ሥዕሎች ክፍል ነበር፤ በእንጨት ላይ የተሣሉት፣ ወርቅ የተለበጡት፣ ስድስትና ሰባት መቶ ዓመት የሆናቸው። አምስት ሰዓት ገደማ እማማ ጥሩነሽ ከልጅ ልጃቸው ከቤዛ ጋር ገቡ።

እማማ ጥሩነሽ አሜሪካ ስመጣ አሌክሳንድሪያ ቤታቸው፣ ከወለሉ በታች ባለው ቤዝመንት ውስጥ ሰባት ወር ያስቀመጡኝ ሴት ናቸው። ታምሜ ስወድቅ አጥሚት እያጠጡ ያስነሡኝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ክፍል ከተከራየሁ ወዲህ በወር አንዴ እንኳ አልጠየቅኳቸውም። ሙዚየም ሥራ ማግኘቴን ነግሬያቸዋለሁ። ዘበኛ መሆኔን አልነገርኳቸውም። ደሴ ሥዕል አስተምር እንደነበር ስለሚያውቁ፣ "እዚህም ስለ ሥዕል ለሰው አስረዳለሁ" አልኳቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሰው ሁሉ ያወሩልኛል።

እመቤታችን ልጇን የታቀፈችበት ትልቁ ሥዕል ፊት ቆሙ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ሦስት ጊዜ ሰገዱ። ሰው ዞሮ አያቸው። ሊሳለሙ ጠጋ ሲሉ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ ሱፐርቫይዘሬም በሩ ላይ ብቅ አለ። ወደ እሳቸው ሄድኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። ፊታቸው በራ። "ደረጀ?"

እኔ ደግሞ በእንግሊዝኛ "እባክዎ ወደ ኋላ ይመለሱ" አልኳቸው። ዓይናቸውን ሳላይ፣ ድምፄን አወፍሬ።

ዩኒፎርሜን አዩ። ወገቤ ላይ ያለውን ሬዲዮ አዩ። "ይቅርታ ልጄ፣ ሰው መስለኸኝ ነው" አሉ፤ የቤዛን ክንድ ይዘው ወጡ።

ሰው መስለኸኝ ነው።

ረቡዕ

በባቡር ስሄድ ምክንያት ደረደርኩ። ሱፐርቫይዘሩ ነበር። ሕጉ ነው። አሥራ አምስት ሰው እያየን ነበር። ደንግጬ ነው። አንዱም አይሠራም። ሱፐርቫይዘሩ አማርኛ አትናገር ብሎኝ አያውቅም፤ ባለፈው ወር ጭራሽ አንድ የአገሬን ቤተሰብ አስጎብኝልኝ ብሎኛል።

ያፈርኩት በዩኒፎርሙ ነው። ማፈሬም አሳፈረኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤዛ ቴክስት አደረገችልኝ፤ በእንግሊዝኛ። አንተ ነበርክ፣ አየሁህ፣ ለአያቴ ግን አልነገርኳትም ይላል። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። "እባክሽ እንዳትነግሪያቸው" ብዬ ጻፍኩላት። "ኦኬ" ብቻ አለች።

ይኸውና ልጅም ለአያቷ እንድትዋሽ አደረግሁ።

ሐሙስ

እዚያው ክፍል መደቡኝ። ስምንት ሰዓት ሙሉ ከሥዕሏ ጋር።

አስጎብኚዋ ተማሪዎች ይዛ መጣች። ይህች ሥዕል ለመታየት አልተሠራችም አለቻቸው። የአንዲት ትንሽ ከተማ ቤተ ክርስቲያን መንበር ላይ ነበረች። ወረርሽኝ ሲገባ፣ ዝናብ ሲጠፋ፣ ሕዝቡ ተሸክሟት በየመንገዱ ይዞር ነበር። እናቶች ልጆቻቸውን እያነሡ ያሳልሟት ነበር። የሕፃኑን እግር እዩት፣ ቀለሙ አልቋል፤ የጨረሰው የሰው ከንፈር ነው።

ተማሪዎቹ ጻፉ። እኔ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ፤ መደገፍ ክልክል ነው።

ማክሰኞ ዕለት በዚህ ክፍል ውስጥ ሥዕሏ ለምን እንደተሠራች የገባት አንዲት ሴት ነበረች። እሷን ነው ያስወጣሁት።

ዓርብ

እማማ ጥሩነሽ ኮል አደረጉልኝ። አላነሳሁም። መልእክት ትተዋል፤ ሦስት ጊዜ ሰማሁት።

"ደረጀ፣ ደህና ሰነበትክ? ማክሰኞ ሙዚየምህን አየሁልህ። አንተን የሚመስል ዘበኛ አግኝቼ ተሳሳትኩ። አንተ የምታስረዳው ሌላ ሕንፃ ይሆናል። በል ደህና ሁን።"

በመጀመሪያ እፎይ አልኩ። አዎ፣ እፎይ ብዬአለሁ፤ እዚህ ማስታወሻዬ ላይም ከዋሸሁ ሌላ የት ልታመን? ከዚያ ምሳዬን መልሼ ከደንኩት።

ነገ ሥራ የለኝም።

ቅዳሜ

ሄድኩ። ባቡር ቀይሬ፣ ከጣቢያው በእግሬ። ብርቱካን ገዝቼ ነበር፤ በሩ ጋ ስደርስ ብርቱካኑም አሳፈረኝ።

ራሳቸው ከፈቱ። ሰላምታ ሳላቀርብ "እማማ፣ የማክሰኞው ዘበኛ እኔ ነበርኩ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ። ግባ።"

ተቀመጥኩ። ቤዛ ደረጃው ላይ ሆና ታየኛለች።

"ታዲያ ስልኩ ላይ..."

"በር ከፈትኩልህ። ልትወጣበት ከፈለግህ ብዬ።" ብርቱካኑን ተቀብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ድምፅህን ብታወፍረውም ሰባት ወር ከወለሌ ሥር ስታስል የሰማሁት ድምፅ ነው።"

ይቅርታ አልኳቸው። ደጋግሜ አልኩ መሰለኝ። አስቆሙኝ።

"ባለቤቴ ሃያ ስድስት ዓመት የባንክ ዘበኛ ነበር። አራት ልጅ ያሳደገው በዚያ ካፖርት ነው። አንተ መንገድ ላይ ብታገኘው አታውቀውም ነበር ማለት ነው።"

አላለቀሱም። ቢያለቅሱ ይሻለኝ ነበር።

ስወጣ ቤዛን "አንቺንም በድዬሻለሁ፤ ደብቂልኝ ማለት አልነበረብኝም" አልኳት። ትከሻዋን ነቀነቀች። ከዚያ በአማርኛ፣ በተሰባበረ አማርኛዋ፣ "አያቴ መኪና ውስጥ አለቀሰች" አለችኝ።

እማማ በሩን ሲዘጉ "ነገ ትሠራለህ?" አሉኝ። አዎ አልኳቸው። "እንግዲያው ከቅዳሴ በኋላ እመጣለሁ። እዚያ የተጻፈውን ታነብልኛለህ።"

እሁድ

መጡ። ስምንት ሰዓት ላይ፣ በነጭ ልብሳቸው፣ ከቤዛ ጋር። በሩ ድረስ ሄጄ ተቀበልኳቸው። በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ። ሱፐርቫይዘሬ "ዘመድ ናቸው?" አለኝ። "ያኖሩኝ ናቸው" ልለው ፈለግሁ፤ በእንግሊዝኛ እንዴት እንደሚባል ስላልመጣልኝ "ቤተሰብ" ብዬ አሳጠርኩት። ብሬክህን አሁን ውሰድ አለኝ።

መስመሩን ሳያልፉ ቆሙ። አነበብኩላቸው፤ ከየት አገር እንደመጣች፣ ወርቁ እንዴት እንደተለበጠ፣ የሕፃኑ እግር ቀለም ለምን እንደለቀቀ።

"ከቤተ ክርስቲያን ማን አወጣት?"

"ቤተ ክርስቲያኑ ሲፈርስ ተሸጠች ይላል።"

ከሥዕሏ ግርጌ ጥጉን በጣታቸው ጠቆሙ፤ እጁን አጣምሮ የተንበረከከ፣ ከእመቤታችን እግር የማይበልጥ ሰውዬ አለ። "ይሄስ?"

"ሥዕሏን ያሠራት ነጋዴ ነው። በዚያ ዘመን ያሠራ ሰው ራሱንም ያሥል ነበር፣ የሚያየው ሁሉ እንዲጸልይለት።"

"ምን በድሎ?"

"ጽሑፉ አይልም።"

"ይሁን" አሉና ጸለዩለት። ስም ስለሌለው "ይህን ሰው" እያሉ። ቤዛ ስልኳን ኪሷ ከትታ ቆመች። እኔም ቆምኩ፣ በዩኒፎርሜ።

ይቅር ብለውኝ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ሲሄዱ ጉንጬን ሳሙኝ። ድሮ ሦስት አራት ጊዜ ነበር የሚስሙኝ፤ ዛሬ አንድ ጊዜ። ለዛሬ ይበቃኛል።